ባህል በሥራ ቀን ይታወቃል

ጉዞ ዕውቀትን እንደሚያስገኝ ሁሉም ሰው ያምናል። ይሁን እንጂ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለም። አንዳንዱ መንገደኛ ከአንዱ በዓል ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የዕደ ጥበብ ውጤት ይገዛል፤ ከዚያም «የዚያን አገር ባህል ዐወቅሁ» ብሎ ይመለሳል። በእኔ አስተያየት ይህ ሰው ያየው የባህሉን ልብስ እንጂ ባህሉን አይደለም። የአንድ ሕዝብ ባህል ይበልጥ የሚታወቀው በበዓል ቀን ከዳር ቆሞ በመመልከት ሳይሆን በሥራ ቀን አብሮ በመዋል ነው።

በመጀመሪያ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት የምትገኘው የዮግያካርታ ከተማ ባቲክ በሚባለው ጨርቅ የታወቀች ናት። ባቲክ ሲሠራ በጨርቁ ላይ በቀለጠ ሰም ሥዕል ይሣላል። ጨርቁ በቀለም ሲነከር ሰም ያረፈበት ቦታ ቀለሙን አይቀበልም፤ በመጨረሻም ሰሙ በፈላ ውሃ እንዲለቅ ይደረጋል። ዩኔስኮ የኢንዶኔዥያን ባቲክ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ተጓዡ ይህን ጨርቅ ከሱቅ ገዝቶ መመለስ ይችላል። ከሠሪዎቹ ጋር ግማሽ ቀን ተቀምጦ በሰም ለመሣል የሞከረ ሰው ግን፣ እጁ ሲንቀጠቀጥና መስመሩ ሲበላሽበት፣ ሥራው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ይረዳል። የመጀመሪያው ዕቃ ይዞ ሲመለስ ሁለተኛው ዕውቀት ይዞ ይመለሳል።

በአገራችንም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በሰሜን ሸዋ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው የአረርቲ አካባቢ በጤፍና በሽምብራ ምርት የታወቀ ነው፤ እንዲያውም ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጣ አንድ የሽምብራ ዝርያ «አረርቲ» ተብሎ በከተማይቱ ስም ይጠራል። የምንጃርን ዘፈንና እስክስታ በመድረክ ላይ ያየ ሰው ብዙ ነው። የገበሬው የዘወትር ኑሮ ግን መድረክ ላይ አይወጣም። በመኸር ወራት ወደ ገጠሩ ወጥቶ ነዶ የተሸከመ፣ በእበት የተለቀለቀውን አውድማ ያየ፣ በሬዎቹን እየነዳ የአበራዩን ዘፈን ያዳመጠ እንግዳ ከዘፈኑ በስተጀርባ ያለውን ድካም ይገነዘባል። የደቦንና የወንፈልንም ልዩነት የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ጎረቤቶቹን አብልቶና አጠጥቶ ይሸኛል፤ ወንፈል የገባ ሰው ግን የተቀበለውን የጉልበት ቀን በጉልበት ቀን ይመልሳል። ይህን የመረዳዳት ሕግ ከፎቶግራፍ ላይ ማንበብ አይቻልም።

ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ወንጌል ለመስበክ ወደ ሸዋ መጥቶ እስከ 1842 ድረስ በአንኮበር ተቀመጠ። በዚያም ኦሮምኛን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1840 ስለ ቋንቋው አጭር የሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ቋንቋን የሚያስተምረው ከባለቤቶቹ ጋር መኖር እንጂ አልፎ ሂያጅነት አይደለም።

«በዓልስ የባህል አካል አይደለምን? ገበሬስ በሥራ ሰዓት እንግዳ የሚያስተናግድበት ጊዜ ከየት ያገኛል?» የሚሉ አይጠፉም። በእርግጥ በዓል የባህል አካል ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረውን ጥምቀትን የመሰለ በዓል ለሚያከብሩት ሰዎች እምነት እንጂ ትርኢት አይደለም፤ ስለዚህ ትርጉሙን ሳይጠይቅ ፎቶግራፍ ብቻ የሚያነሣ ሰው ከበዓሉም ቢሆን ብዙ አይማርም። ስለ ገበሬው ጊዜ የተነሣውም ስጋት ተገቢ ነው። ሆኖም አስተዋይ እንግዳ መስተንግዶ አይጠብቅም። አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የአገሩን ሰላምታ ይማራል፤ ዐቅሙ በፈቀደ መጠን ያግዛል፤ ሥራ እንዳያስፈታም ይጠነቀቃል።

ጉዳዩ የእንግዳው ብቻ አይደለም። የመውቂያ መኪና በተስፋፋ ቁጥር የአውድማው ሥራና ዘፈኑ እየቀረ ይሄዳል። መኪናው የገበሬውን ድካም ስለሚያቃልል ሊጠላ አይገባውም። ነገር ግን ለእንግዳ የምናሳየው የበዓሉን ልብስ ብቻ ከሆነ፣ ውሎ አድሮ እኛም ባህላችን ከልብስ ያለፈ አይመስለንም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ ይህን ዕውቀት ከአባቶችና ከእናቶች ጠይቆ በጽሑፍ ማስቀመጥ በቅድሚያ የአካባቢው ተማሪ ተግባር ነው። ሩቅ አገር ሲሄድም የሌላውን ሕዝብ ሥራ በአክብሮት ለመጠየቅ የሚበቃው የወላጆቹን ሥራ ጠይቆ የተረዳ ወጣት ነው።