ፍትሐዊ ታሪፍ እስከ ጠረፍ

የመገናኛ አገልግሎት የጥቂቶች ቅንጦት ሳይሆን የሰፊው ሕዝብ የሥራ መሣሪያ መሆኑ ሊታበል የማይችል ሐቅ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ታሪፍ በ43 በመቶ በቀነሰ ጊዜ የተጠቃሚው ፍላጎት እጅግ ማደጉ ይህንኑ በተግባር አረጋግጧል።

በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን የኢንተርኔት ዋጋ ከአማካይ ወርኃዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ አስቀምጧል። ይሁን እንጂ አማካይ የሚባለው ስሌት የአዲስ አበባውን ደመወዝተኛና በካንጋተን ዙሪያ ከብት የሚያረባውን የኛንጋቶም አርብቶ አደር ባንድ ሚዛን ያስቀምጣል። ያንደኛው ገቢ በየወሩ ይመጣል፤ የሌላው ግን ፍየል ሲሸጥ ብቻ።

«በጠረፍ ፍላጎት የለም» የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቀን እንቃወማለን። ከብቱን ሳይነዳ የገበያውን ዋጋ አስቀድሞ ማወቅ የማይሻ አርብቶ አደር የለም። የጎደለው ፍላጎት ሳይሆን አቅምና ኔትወርክ ነው። የማማ ወጪ ተጠቃሚው ቢያንስም ቢበዛም አይቀርም፤ ነዋሪው ተራርቆ በሰፈረበት አካባቢ ታሪፍ ብቻውን አይሸፍነውም። ስለዚህ ሕዝብ ከበዛባቸው ከተሞች የሚገኘው ትርፍ የጠረፉን ማማ ሊሸከም ይገባል። ይህ ከእኛ ከከተማ ነዋሪዎች ጥቂት መሥዋዕትነት ይጠይቃል። የነዋሪዎች ማኅበራትና ሠራተኞች ጥያቄውን የራሳችን ልናደርገው ይገባል!