በመቱ ሜዳ 83 ጊዜ መታሁ



በዚህ ዐምድ ስለ መንገድ፣ ስለ መብራትና ስለ ውሃ ብዙ ስለሚጻፍ፣ የእኔ ጉዳይ ከጨዋታ መጀመሩን አንባቢ እንደ ቀልድ እንዳይቈጥርብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ጨዋታው ጎልፍ ነው። መቱን የሚያውቅ ሁሉ «ይህ ሰው የት ተጫወተ?» ማለቱ ስለማይቀር ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

በልጅነቴ አዲስ አበባ፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አቅጣጫ፣ የጎልፍ ተጫዋቾችን ከረጢት እየተሸከምኩ የደብተር መግዣ አገኝ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ያረጁ ሦስት ዱላዎች ሰጠኝ። በደንቡ አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ሊይዝ ይችላል፤ እኔ ግን ሦስቱን ብቻ ይዤ ከብዙ ዝውውር በኋላ መቱ ደረስኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት የሚግጥበት ሜዳ አለ። ባለቤቶቹን አስፈቅደን በ9 ቦታ የወተት ዱቄት ጣሳ ቀበርንበትና ከመሥሪያ ቤቴ አንድ ወጣት ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን። የእውነተኛው ጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 11 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የእኛ ጣሳ ከዚያ ትንሽ ይሰፋል። ይህን እርዳታ አልደብቅም።

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ አባራ ብለን ወጣን። የኢሉባቦርን ሰኔ የሚያውቅ ሰው ዝናብ «አባራ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በመጀመሪያው ምት አንድ ድፍን ጓል ከነሣሩ ተነሥቶ ሲበር፣ ኳሷ ግን ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች። በሁለተኛው ጉድጓድ ኳሷ ረግረግ ገባችና ጫማዬን አውልቄ ፈለግኋት። በሦስተኛው አንዲት ላም ተኛችባት። ወጣቱ ባልደረባዬ ጨዋ ልጅ ነውና በየምቱ «ጋሼ፣ ይቺ አትቈጠርም፤ ጭቃው ነው ያንሸራተተዎት» ይለኛል። ይህ ልጅ ወደፊት ሹመት እንደሚያገኝ አልጠራጠርም።

በአምስተኛው ጉድጓድ ከቍጥቋጦ ኋላ ብቻዬን ነበርኩ። ዱላዬን ከኳሷ አጠገብ ሳሳርፍ የአንድ ጣት ያህል ተንቀሳቀሰች። በደንቡ ይህ አንድ ምት ያስቀጣል። ያየኝ የለም። ጥቂት ቆሜ ካሰብኩ በኋላ ወጥቼ ተናገርኩና ቈጠርኩት። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በሰባተኛው ላይ ሁለት ምት «ረስቼ» ሦስት ብል፣ ከብት ጠባቂው ልጅ አምስት ጣቱን ዘርግቶ «ሻን! ሻን!» እያለ አሳቀብኝና አምስት ጻፍኩ። በ9 ጉድጓድ ጠቅላላው 83 ሆነ። ደኅና ተጫዋች በሙሉው ሜዳ 9 ጉድጓድ 36 ገደማ ይመታል። ከተማዋ «መቱ» መባሏ ለእኔ የተነገረ መሰለኝ።

በዚህ ጨዋታ ዳኛው በአመዛኙ ተጫዋቹ ራሱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 በአሜሪካ ሻምፒዮና ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች ኳሴ ተንቀሳቅሳለች ብሎ በራሱ ላይ አንድ ምት ጨመረ። በመጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጣና በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ። ያቺን ምት ባይናገር ኖሮ መለያም ባላስፈለገው ነበር። በ1968 ደግሞ አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪቼንዞ፣ በ45ኛ ልደቱ ዕለት፣ በ17ኛው ጉድጓድ ሦስት የመታውን ካርዱን የያዘለት ሰው አራት ብሎ ጻፈበት፤ እርሱም ሳይመረምር ፈረመ። የተፈረመው ጸናና ማስተርስ የተባለው ታላቅ ውድድር አመለጠው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ማክሰኞ ዕለት የዓመቱ መዝጊያ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ታደለን። ራሴን የምመዝንበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ያንኑ 83 የጻፍኩበትን ብዕር አውጥቼ 96 ሞላሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። በክፍላችን ከ90 በታች የጻፈ እንዳልነበረ በኋላ ሰማሁ። ቅጹን በምሞላበት ሰዓት ከቡሬ በጎሬ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉዳያቸው የአንዲት ወረቀት ግልባጭ ሲሆን፣ ፋይሉም ያለው በእኔው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። መምጣታቸው ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። ሁለቱን ጊዜ «ነገ ይመለሱ» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። በመመዘኛው ቅጽ ላይ «የአገልጋይነት ስሜት»፣ «ተነሣሽነት» እየተባለ ከሚደረደረው ነጥብ ጐን አንዲት መስመር ትጨመር፤ ሠራተኛው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ብሎ እንደሰደደ በቍጥር ይጻፍባት። ስሜት በመቶኛ አይሰፈርም፤ ምት ግን ይቈጠራል። በአማርኛ «ነገ ተመለስ» ብንልም፣ በኦሮምኛ «ቦሩ ኮቱ» ብንልም ቍጥሩ አንድ ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም ፈራሚው ስብሰባ ሄዶ ከሆነ ምክንያቱ ከጐኑ ይጻፍ፤ በጎልፍም ዝናብ ይዘንባል፣ ምቱ ግን ከመቈጠር አይቀርም።

«እውነቱን የጻፈ እርሱ ብቻ ዕድገት ይቀርበታል፤ ሌላው 95 ጽፎ ያልፈዋል» የሚለኝ ባልደረባ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ይህን ክርክር ቀላል ነው አልልም፤ ቦቢ ጆንስም ተሸንፏል። ልጅ የሚያስተምርና የቤት ኪራይ የሚከፍል ሠራተኛ በአንድ ነጥብ ደረጃው ሲቀር መታገሥ ከጨዋታ ይከብዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ቍጥር ለማንም ቅጣት እንዳይውል፣ ለዕድገትም እንዳይታይ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢነገር ይበጃል። ኀላፊዎችም የራሳቸውን ቍጥር ከእኛ በፊት ቢለጥፉ እኛን ማሳመኑ ይቀላል። ከዚያ የትኛው ክፍል ሰው እንደጐደለው፣ የትኛው ማኅተም በአንድ ሰው ኪስ እንደተያዘ ቍጥሩ ራሱ ያሳያል።

እኔ በበኩሌ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አኑሬአለሁ። በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት 41 «ነገ ተመለስ» ጽፌባታለሁ። ከነዚህ ውስጥ 12ቱ መብራት በመጥፋቱ ነው፤ የቀሩት 29ኙ የእኔ ናቸው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመቱ