እንግዳው ሲወጣ ሥራው አብሮት አይጥፋ

እንደሚታወቀው ሁሉ የመምህር ሥራ የሚጀመረው ጠመኔ ከመጨበጡ በፊት ነው። የትምህርት ዕቅድ ይነደፋል፣ ማስታወሻ ይዘጋጃል፣ የፈተና ጥያቄ ይወጣል። ዛሬ ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር ይሠራል። አብዛኞቻችን ሠልጣኞች የግል ኮምፒዩተር ስለሌለን የምንሠራው በኮምፒዩተር ክፍል፣ ለዚያውም «እንግዳ» በሚባለው መግቢያ ነው። እዚያ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የለም፤ ተቀምጦ መጻፍ ብቻ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሲወጡ ነው። የተጻፈው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል።

ይህ በደረሰ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ለምን አልተጠነቀቃችሁም?» ይባላል። በበኩላችን ጥፋቱን በሙሉ በሠልጣኙ ላይ መጫን ተገቢ ነው ብለን አናምንም። ነገ ጠዋት ለማስተማር ልምምድ ተማሪዎች ፊት የሚቆም ሰው ማታ ዕቅዱን ካጣ፣ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ያልተዘጋጀ ትምህርት የሚሰጣቸው ሕፃናትም ይጎዳሉ።

ለመሆኑ ነገሩ እንዴት ነው? በክፍላችን ያሉት ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ኡቡንቱ 16.04 ነው። እንግዳ ሲገባ ኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማኅደር ይከፍትለታል። ይህ ማኅደር የሚቀመጠው በዲስኩ ላይ ሳይሆን ራም በሚባለው፣ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ በሚሆነው ክፍል ነው። ስለዚህ «ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ግን ያስቀመጠበት ቤት ራሱ ሊፈርስ ነው። ሲወጣ ይፈርሳል፤ መብራት ድንገት ሲሄድም ይፈርሳል። ሊብረ ኦፊስ በየጊዜው በራሱ የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ቅጂም የሚገኘው እዚያው ማኅደር ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። ትራሽ ውስጥ ቢፈለግም የለም። እርግጥ ሲገቡ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ታዲያ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተራ ጠብቆ የገባና ሰዓቱ የሚሮጥበት ሰው ሳያነበው ይዘጋዋል።

ይህ የኡቡንቱ ብቻ አይደለም። በማክ ኮምፒዩተርም እንግዳው ሲወጣ ፋይሎቹ ይሰረዛሉ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2009 በማክ ላይ በታየ ስሕተት፣ በእንግዳ መግቢያ ተገብቶ ከተወጣ በኋላ የኮምፒዩተሩ ባለቤት የራሱ ፋይሎች የጠፉበት ጊዜ ነበር። አፕል ችግሩን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አስተካክሎታል። ከዚህ የምንማረው፣ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ሥራ በባለቤትነትም ቢሆን እንደማይድን ነው።

ይህን ስንል ግን መሰረዙ ይቅር ማለታችን አይደለም። አንዱ የጻፈውን ደብዳቤ ወይም የመዘገበውን የተማሪ ውጤት ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ማየት የለበትም። እንግዳ መግቢያው ጠርጎ የሚያስወጣው ለዚህ ነው። በአገራችንም እንግዳ ይከበራል፣ እግሩ ይታጠባል፤ ሲሄድ ግን «ዕቃህን አትርሳ» ይባላል። የጎደለን ይህን የሚል ሰው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከተቋሙ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየኮምፒዩተሩ ላይ «እዚህ የተቀመጠ ፋይል ሲወጡ ይጠፋል፤ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ ይለጠፍ። ወጪው አንድ ወረቀትና ማጣበቂያ ነው። ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ባለሙያም ይህንኑ ጽሑፍ በእያንዳንዱ እንግዳ ዴስክቶፕ ላይ እንዲወጣ አንድ ጊዜ ሊያዘጋጀው ይችላል። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ከመዘጋቱ 10 ደቂቃ በፊት «አስቀምጡ» ይባል። አሁን የሚባለው «ውጡ» ነው። ሦስተኛ፣ ቢያንስ ለማስተማር ልምምድ ለሚወጡ ሠልጣኞች የየራሳቸው መግቢያ ይከፈትላቸው።

«ሠልጣኙ ብዙ ነው፣ የይለፍ ቃል ይረሳል» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። እውነት ነው፣ ይረሳል። ነገር ግን የተረሳ የይለፍ ቃል በደቂቃዎች ይቀየራል፤ የጠፋ ዕቅድን እንደገና መጻፍ ግን ሌሊት ይፈጃል። ደግሞም የኡቡንቱ 16.04 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2021 አብቅቷል። በእንግዳ መግቢያው ላይም እ.ኤ.አ. በ2017 በ16.10 እና በ17.04 የጥበቃ ጉድለት ተገኝቶ፣ በእነዚያ ላይ በራሱ እንዳይከፈት ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ በወጡት ከነጭራሹ የለም። ተቋሙ ነገ ሥርዓቱን ሲቀይር የግል መግቢያ መክፈቱ አይቀርለትም፤ ከዛሬ ቢጀምር ይሻላል።

እኛስ? እኛም እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። አንድ መስመር ከመጻፋችን በፊት ባዶውን ፋይል በስሙ ፍላሽ ላይ እናስቀምጠው፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ሴቭ ስናደርግ ቀጥታ ወደ ፍላሹ ይሄዳል። ፍላሹን ዝም ብለን አንንቀል፤ «ኢጀክት» ብለን እንጠብቅ። ከመውጣታችን በፊት ሁለተኛ ቅጂ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ለራሳችን እንላክ፤ ግን የእነሱንም መግቢያ ዘግተን እንውጣ። ፍላሽ የሌለው ጓደኛ ካለ ያለው ያካፍለው። ጓደኛችን ወንበሩን ለመልቀቅ ሲነሣ «አስቀመጥሽ? አስቀመጥህ?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። ነገ በየወረዳው ስንመደብ የተማሪዎቻችን ውጤት በእጃችን ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ የለፋ ሕፃን ውጤት በአንድ የመብራት መቋረጥ ቢጠፋ ለወላጁ ምን እንላለን? ሥራን በሁለት ቦታ የማስቀመጥ ልማድ የመምህርነት ሥልጠናችን አካል ሊሆን ይገባል እንላለን። ተቋሙ ወረቀቱን ይለጥፍ፤ እኛም ፍላሻችንን እንያዝ።