የድሬ ልጆች፣ ማይኩንም ክፍሉንም እንካፈል

ድሬ ዳዋ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምትሠሩ፣ በዩኒቨርሲቲው የምታስተምሩና የምትማሩ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ ልጅ ያሳደጋችሁ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

ሰው በዘሩ ምክንያት ከጋዜጣም ከትምህርት አዳራሽም እንዳይገፋ የደከሙ ሁለት ሰዎችን ላስታውሳችሁ። ዶክተር መላኩ በያን የወሎ ተወላጅ ቢሆኑም ያደጉት እዚሁ ጎረቤታችን ሐረር ነው። አሜሪካ ተሻግረው በጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ሕክምና ተማሩ። እዚያ ፕሮፌሰር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካን ጥንታዊ ሥልጣኔ ያስተምሩ ነበር፤ ያውም አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን፣ የገዛ ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ እየተጠራጠሯቸው። ጣሊያን ሲወረን መላኩ ተመልሰው በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። ከዚያም በ1937 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣም አሳተሙ። በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። ሃንስቤሪ ዕድሜ ሰጥቷቸው በ1964 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ።

እኔን የሚገርመኝ የሁለቱ መደጋገፍ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ የተካደውን ታሪክ ሲያስተምሩ ሌላው በጋዜጣ ለሕዝብ ያደርሱ ነበር። ድሬም የሚያስፈልጋት ይኸው ነው፤ መምህሩና ጋዜጠኛው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይህ አይሳካም።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. የቆረቆራት ከተማችን ከጥንስሷ የብዙ ቋንቋ ሰዎች መኖሪያ ናት። አሸዋ ገበያ ቲማቲም የደረደረች እናት በኦሮምኛ ዋጋ ትጠራለች፣ በሶማልኛ ትከራከራለች፣ በአማርኛ መልስ ቆጥራ ትሰጣለች። ማይክ የያዘ ጋዜጠኛ ሲመጣ ግን ለእሱ በሚቀናው ቋንቋ ብቻ ይጠይቃታል። ያቺ አፈ ጮሌ ነጋዴ በሁለት ቃል መልሳ ዝም ትላለች። አዳማጩም የምትለው የሌላት ይመስለዋል። ይህ በደል ነው፤ ማንም ሳይሰድባት የሚፈጸም በደል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው የ2012 አዋጅ ተሳዳቢውን ይቀጣ ይሆናል፤ ሰሚ ያጣችውን ሴት ወደ ማይኩ ማምጣት ግን የእኛ ሥራ ነው። ጋዜጠኞች ሆይ፣ ጥያቄውን አፏን በፈታችበት ቋንቋ ጠይቋት፤ ትርጉሙን እናንተ ልፉበት።

ነገሩ የክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በልቶብናል። የክረምት ማስጠንቀቂያ ወንዙ ዳር ለሚኖረው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ፣ በእኩል ሰዓት መድረስ አለበት። እኩልነት እዚህ ላይ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ልመለስ። በ2012 በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር ስም በተነሣው ግጭት ልጆች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጸጥታ አያዘናጋን። መምህራን፣ የቡድን ሥራ ስትሰጡ ተማሪው በአገሩ ልጅ ብቻ ሲቧደን አይታችሁ አትለፉ። ራሳችሁ ደልድሉ፤ ተራ በተራ ሁሉም ያቅርብ። አማርኛው ወይም እንግሊዝኛው የሚሰባበርበትን ልጅ ክፍሉ ሲስቅበት ዝም ያለ መምህር አብሮ እንደሳቀ ይቆጠራል።

ወላጆች፣ ጎንደሮች «ቃል ኪዳን ቤተሰብ» ብለው ከሩቅ የመጣን ተማሪ እንደ ልጃቸው መቀበል ጀምረው ነበር። እኛ ሰው ወዳድ የምንባል ድሬዎች ከዚህ ልናንስ አይገባም። ከጎጃም ወይም ከወለጋ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ሙቀቱ በላብ እያጠመቀው መናኸሪያ የሚወርድ ልጅ፣ በዓል ሲመጣ የሚጠራው አንድ ቤት ይኑረው። ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ይክፈት፤ ሬዲዮው በሁሉም ቋንቋዎቹ ያስነግር፤ የዕድርና የመስጊድ፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌዎች ተማሪ የሚቀበሉ አባወራዎችን ስም ሰብስበው አዲሶቹ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ያስረክቡ።