መስቀል ሆኖ የሚዘረጋ ኪዩብ፦ የወረቀት ጂኦሜትሪ ለስደተኛ ልጆች

ከሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቀው የቪያ ኩርታቶኔ ጎዳና በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው ከሳይንስ ጋር አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የጣሊያን ፖሊስ በዚያ የሚገኝን ሕንፃ አስለቅቆ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን አስወጣ። ከቀናት በኋላም በአቅራቢያው አደባባይ ያደሩትን በውኃ መርጫ በተነ። ከእነዚያ ቤተሰቦች ጋር ልጆችም ነበሩ።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚወሳው ከመጠለያና ከሕግ አንጻር ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በውስጡ ሌላ ጥያቄ ይዟል፦ መኖሪያው ላልጸናለት ልጅ ሳይንስ በምን መንገድ ይድረሰው? ቤተ ሙከራና ኮምፒውተር ቋሚ ቤት ይፈልጋሉ። ወረቀት፣ መቀስና ሙጫ ግን በማንኛውም የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ይገኛሉ፤ የሚያስተምሩትም ጥቂት አይደለም።

አንድ ልጅ እኩል ጎኖች ያሏቸውን ሦስት ባለ ስድስት ጎን ወረቀቶች በአንድ ነጥብ ቢያገናኝ፣ 120 ዲግሪ ሦስት ጊዜ ተደምሮ 360 ይሞላል። ክፍተት ስለማይኖር ወረቀቱ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀራል። የማር እንጀራ ፊቱ እንዲህ ነው። እኩል ስፋት ያላቸውን ክፍሎች በትንሹ ድንበር ለመከለል ከዚህ የሚሻል ቅርጽ እንደሌለ የሒሳብ ሊቁ ቶማስ ሄልስ በ1999 አረጋግጧል። ልጁ ባለ አምስት ጎን ወረቀቶችን ቢጠቀም ግን ድምሩ 324 ይሆንና የ36 ዲግሪ ክፍተት ይተርፋል። ክፍተቱን ሲዘጋው ወረቀቱ ይጎብጣል፤ አሥራ ሁለቱ ሲገጣጠሙም ዙሪያውን የተዘጋ ጠጣር ቅርጽ ይወጣል። ንብ ለምን ስድስት ጎን እንደመረጠች፣ የእግር ኳስ ስፌት ደግሞ ለምን ባለ አምስት ጎኖቹን እንደሚሻ ልጁ በጣቶቹ ይረዳል።

ይህ ትምህርት ከእምነት ጋር ያለው ዝምድና ረጅም ዕድሜ አለው። ፍራንቸስካዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1509 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣላቸውን ጠጣር ቅርጾች አቅርቦ፣ «መለኮታዊ» ያለውን ምጥጥን ከሥላሴ ጋር አነጻጸረ። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር ደግሞ በ1525 ቅርጾቹ በወረቀት ላይ ተዘርግተው እንዴት እንደሚታጠፉ አሳየ።

የኢትዮጵያ ክርስትናም ለዚህ እንግዳ አይደለም። በላሊበላ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሦስት መስቀሎች አሉት፤ ይህ የተመጣጣኝነት ትምህርት ነው። ሰንሱል የሚባለው ተጣጣፊ ብራና አባቶች በማጠፍ ጥበብ ያወቁበትን ያሳያል። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 የወጣውም በዚያችው በሮም ነው። ኪዩብ ራሱ ሲዘረጋ ከሚሰጣቸው 11 ንድፎች አንዱ መስቀል ነው፤ አራት ካሬዎች በቁመት፣ ሁለት በክንድ። ወረቀቱን የሚያጥፈው ሕፃን የሚያውቀውን ምልክት ይዞ ወደማያውቀው ሒሳብ ይገባል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተፈጥሮ ውስጥ የታየን ቅርጽ ሁሉ የእምነት ማረጋገጫ አድርጎ ለልጅ ማቅረብ እምነቱንም ሳይንሱንም ይጎዳል። ዮሐንስ ኬፕለር በ1596 ፈጣሪ የስድስቱን ፕላኔቶች ርቀት በአምስቱ ጠጣር ቅርጾች እንደለካ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ እጅግ የተዋበ ነበር፤ ልኬት ግን አልደገፈውም። የኬፕለር ታላቅነት ለልኬቱ መታዘዙ ነው፤ በ1609 ፕላኔቶች በሞላላ ምሕዋር እንደሚዞሩ አስታወቀ። እምነቱን አልተወም፤ እምነቱ ጥያቄውን እንዲጠይቅ አተጋው፣ መልሱን ግን ከሰማይ ምልከታ ተቀበለ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ሊይዘው የሚገባው ልክ ይህ ነው።

ወረቀት ማጠፍ ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይደለም የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ 8 ማዕዘን ሲቀነስ 12 ጠርዝ ሲደመር 6 ገጽ 2 እንደሚሰጥ በኪዩብ ላይ ቆጥሮ፣ በሌሎቹ የወረቀት ቅርጾችም ያው 2 ተመልሶ ሲመጣ ያየ ልጅ ከቃል ጥናት የላቀ ነገር አግኝቷል። ወረቀት መጠለያን አይተካም፤ ለተፈናቀለ ቤተሰብ የሚገባውን ፍትሕም አያስቀርም። ነገር ግን ወላጆችና አጥቢያዎች የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ነው። ቤቱን የለቀቀ ልጅ ሻንጣው ቢጠፋበት እንኳ ያጠፈውን ቅርጽ በሚቀጥለው ከተማ በአዲስ ወረቀት ደግሞ መሥራት ይችላል።