ስለ ልደት ቀን ዓምድ

ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን ስምና ውጤት ከወፍራሙ መዝገብ እያወጡ ወደ ኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ማዛወራቸው የሚያስደስት ነገር ነው። ዳሩ ግን መዝገቡ ሲዛወር ሰውም አብሮ መዛወሩን የሚያስተውል ጥቂት ይመስለኛል።

በኤስኪውኤል ቋንቋ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው ለእያንዳንዱ ዓምድ ከስሙ ጋር ዓይነትም ይሰጠዋል። ይህ ዓምድ ቁጥር፣ ያኛው ፊደል፣ ሌላው ቀን ይይዛል ብሎ አስቀድሞ ይወስናል፤ ኋላ የሚገባው ሁሉ በዚያ ልክ መሆን ግድ ይሆንበታል። የእኔ አሳብ፣ ዓይነቱ በነገሩ መልክ አይመረጥ፣ በሚሰጠው አገልግሎት ይመረጥ የሚል ነው።

የስልክ ቁጥርን እንመልከት። ስሙ ቁጥር ይባል እንጂ ሁለት ስልክ የደመረ ሰው ከቶ አልታየም። በኢንቲጀር ዓምድ ቢገባ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል፤ በ251 ተጀምሮ በ12 አኃዝ ቢጻፍ ደግሞ የተለመደው ኢንቲጀር ከ2,147,483,647 በላይ ስለማይይዝ አይቀበለውም። ስለዚህ ቦታው የፊደል ዓይነት የሆነው ቫርቻር ነው። የፈተና ውጤት ግን ይደመራል፤ እርሱም ፍሎት በሚባለው ዓይነት ሳይሆን በዴሲማል ይቀመጥ። ፍሎት 0.1ን በግምት እንጂ በትክክል አይዝምና 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሰጣል። በእንዲህ ያለ ስባሪ ምክንያት እኩል አማካይ ያላቸው ሁለት ተማሪዎች አንዱ 4ኛ፣ ሌላው 5ኛ ቢባሉ ማን ይቀበለዋል?

ከሁሉ የሚከፋው የልደት ቀን ነው። ዴት የሚባለው ዓይነት የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ነው። የእኛን ቀን እንዳለ ብናስገባበት 13ኛ ወር የለምና የጳጉሜን ልጅ ይመለሳል። ጥቅምት 30 የተወለደውም 2ኛው ወር ለእርሱ የካቲታቸው ስለሆነ ይመለሳል። እንግዲህ ሰልፍ የበዛበት ጸሐፊ ምን ያደርጋል? ጳጉሜን 3 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደችውን ልጅ መስከረም 1 ቀን 2001 ብሎ ይጽፋታል፤ ልጅቱም የልደት ዓመቷን በአንድ ጊዜ ታጣለች።

ይሁን እንጂ የተመለሰው ቢያንስ መመለሱ ይታወቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ያለ ምንም ቅሬታ የሚገባው ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ቀኑ 2000-02-15 ተብሎ ቢጻፍ ዴት ደስ ብሎት ይቀበለዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን በፈረንጅ ኦክቶበር 26 ቀን 2007 ነው። ኮምፒዩተሩ ልጁን በ7 ዓመት ከ8 ወር አስረጅቶ ያስቀምጠዋል። ዕድሜ በሚጠየቅበት ውድድር ወይም የነፃ ትምህርት ዕድል ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዳንዶች «እንግዲያው ቀኑን በፊደል እንጻፈው» ይላሉ። ይህም መፍትሔ አይሆንም፤ ፊደል ዕድሜ አያሰላም፣ ወሮችን ሲደረድርም በሀሁ ተራ ሐምሌን ከመስከረም ያስቀድማል።

የሚሻለው ሁለቱን ሥራ መለየት ነው። ጸሐፊው የሚያየው ቅጽ 13 ወር ይኑረው፤ ጳጉሜንም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን እንድትሆን ይፍቀድ። ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱ ቀይሮ ጳጉሜን 3 ቀን 2000ን ሴፕቴምበር 8 ቀን 2008 ብሎ በዴት ዓምድ ያስቀምጥ፤ ካርዱ ላይ ሲያወጣም መልሶ ጳጉሜን ያድርገው። አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «አቆጣጠራችንን ለፈረንጅ አስረከብከው» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ግን እንዲያ አይታየኝም። ማንም ዓይቶት በማያውቀው ሆዱ ውስጥ ኮምፒዩተሩ በፈለገው ይቁጠር፤ ልጅቱ ካርዷን ስትቀበል የተወለደችበትን ቀን ታንብብ።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለመግዛት የሚያስብ ትምህርት ቤት ቢኖር ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ልደቶችን አስገብቶ ይሞክር፤ ጥቅምት 15፣ ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን 3። የመጀመሪያው ሲገባ የወጣውን ዕድሜ ደግሞ በጣቱ ይቁጠር።