ምእመን ኮርስ ይማር? የፍኖተ ሰላም አስተማሪና የቡሬ የቅኔ መምህር ሙግት

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ፣ ከፍኖተ ሰላም

የኔታ፣ ከራስዎ ደጅ ልጀምር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነውን ተማሪዎን የሚመግበው የጃቢ ጠህናንና የቡሬ ገበሬ ነው። ይኸው ገበሬ በንግሥ በዓል ቅኔ ሲዘረፍ ዱላውን ተደግፎ ይሰማል። ሊቃውንቱ «ይበል!» ሲሉ እሱም ራሱን ይነቀንቃል፤ ምሥጢሩ ግን አልደረሰውም። ትምህርቱን በእህሉ ያቆመ ሰው ከትምህርቱ ድርሻ የለውም ማለት ፍርድ አይመስለኝም።

«ነፍስ አባት አለው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አለው። ግን ቄሱም አራሽ ናቸው፤ ሰኔ ሲገባ እሳቸውም ከበሬያቸው ኋላ ናቸው። ወደ ንስሐ ልጃቸው ቤት የሚመጡት ለጠበል ጸዲቅ፣ ለክርስትና፣ ለፍትሐት ነው። ምሥጢረ ሥላሴንና ምሥጢረ ሥጋዌን ቁጭ ብለው የሚያስተምሩበት ጊዜ ከየት ይምጣ?

ልጆቻችን ደግሞ ከቀዬው ወጥተዋል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ፤ ከቡሬ በነቀምቱ መንገድ ዓባይን ይሻገራሉ፤ ሴቶቹ ዓረብ አገር ናቸው። እዚያ «ለምን ትጾማላችሁ? ታቦት ምንድን ነው? ቅዱሳንን ስለ ምን ትለምናላችሁ?» ይባላሉ። «አባቶቻችን ያደረጉት ነው» የሚለው መልስ ማንኩሳ ላይ ይበቃ ይሆናል፤ ቤይሩት ላይ አይበቃም። ስልኩም በየእጁ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ሰባኪ ሆኗል። እኛ ካላስተማርነው ሌላ አስተማሪ አያጣም።

ኮርስ የምንለው እንግዳ ነገር አይደለም። ትምህርተ ሃይማኖት፣ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ነገረ ማርያም፣ ነገረ ቅዱሳን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት በቃለ ዓዋዲው፣ በሰበካ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ፣ የታወቀ የሰበካው ክፍል ነው፤ ቃለ ዓዋዲውም በ1965 ዓ.ም. የወጣው በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነው፤ እሳቸውም የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ የእርስዎ አገር ሰው ነበሩ። አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ በዝዋይ ወጣቶችን ሰብስበው ሲያስተምሩ ቤተ ክርስቲያን አልፈረሰችም። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን የተመሠረተው በዚያ መንፈስ በተኮተኮቱ ተማሪዎች ነው። ዛሬ ለአብነት ተማሪ ልብስና ቀለብ የሚያዋጣው ማን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ በዩኒቨርሲቲ ጊቢ ጉባኤ ኮርስ የተማረ ሐኪምና መሐንዲስ ነው።

የመጨረሻው ነገሬ የሴቶቹ ነው። ወንድሜ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ዳዊት ደግሞ ዜማ ቤት ሊገባ ይችላል፤ እኔ ወዴት ልግባ? እንደ እኔ ላለችው የተከፈተው በር የሰንበት ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው።

የቅኔ መምህሩ፣ ከቡሬ ገጠር

ልጄ፣ በመጀመሪያ ያልተጣላንበትን እናንሣ። ትምህርት የካህን ብቻ ነው አላልኩም፤ እንዴትስ እላለሁ? ቅኔውንና አቋቋሙን ተሸክሞ ያቆየን ደብተራ ብዙ ጊዜ ክህነት የለውም። ስለ ሴቶቹም ቢሆን፣ ጽላሎ ላይ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ሥውር ሆነው ቅኔ አስተምረው፣ ከእጃቸው መምህራን ወጥተዋል። ሴት ናቸው ብሎ ያንጓጠጣቸው ሊቅ ቢኖር እንኳ ቅኔያቸውን ሲሰማ ዝም ብሏል።

የምቃወመው ምስክር የሌለውን ትምህርት ነው። ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ ካልተመሰከረለት «የድጓ መምህር ነኝ» አይልም። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ አለ፤ አቋቋም ጎንደር። በዋሸራም በጎንጅም ቤት ቅኔ የተቀኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ነው። መምህሩን ይጠራል፤ የመምህሩን መምህር ይጠራል። የተሳሳተ ቢኖር ስሕተቱ ከማን እንደመጣ ይታወቃል፤ ይታረማል። የኮርስ አስተማሪያችሁን «ከማን ተማርህ?» ብዬ ብጠይቀው ከደብተር የገለበጠውን ደብተር ያሳየኛል። ያም ደብተር ከሌላ ደብተር የተገለበጠ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። መጽሐፍ ቤት ገብተሽ አንድምታ ሰምተሽ እንደሆን ታውቂያለሽ፤ መምህሩ አንዱን ቃል አንሥቶ ይፈታዋል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይሰጠዋል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ተማሪው ሦስቱንም አራቱንም ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ትርጓሜው በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ ግእዝ ነው አትበይኝ። የእናንተ ፈተና ግን «ትክክለኛውን መልስ ምረጥ» ይላል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የእግዚአብሔርን ነገር በአራት ፊደል አጥሮ አንዷን ያከበበ ልጅ፣ ቀሪዎቹን ሦስት የሚያስብ ሰው ሲያጋጥመው መናፍቅ ይመስለዋል።

ቅኔ ቤት በዚህ ረገድ የበለጠ ጨካኝ ነው። ተማሪው የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ አይመጣም፤ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል፤ ማታ ፊቴ ቆሞ ይነግራል፤ ጎደሎውን በጓደኞቹ መካከል እነግረዋለሁ። ለትዕቢት የሚሆን ጊዜ አያገኝም። ኮርስ የጨረሰ ልጅ ግን የምስክር ወረቀት ይቀበላል። እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ፤ በአንድ የገጠር ደብር በሰንበቴ መካከል አንድ ወጣት ተነሥቶ አዛውንቱን ቄስ «ያሉት ተረት ነው» አላቸው። ቄሱ የተናገሩት ከገድል ነበር። ልጁ ገድሉን አላነበበም፤ ገድልን ስለ መመርመር ግን ግማሽ ቀን ተምሯል። ሰንበቴው ለሁለት ተከፈለ፤ እስካሁን በየፊናቸው ይጠጣሉ።

ገበሬው አያውቅም ስትይኝ ደግሞ አዝናለሁ። ሁለት መቶ ቀን ገደማ የሚጾም፣ የተጣላውን ጎረቤት ሳይታረቅ የማይቆርብ፣ የእግዜር እንግዳ ብሎ የማያውቀውን ተማሪ የሚያበላ ሰው ምሥጢሩን ከማን ተማረው? ባያወራውም ይኖርበታል።

አስተማሪዋ ስትመልስ

የኔታ፣ የፈተናው ነገር እውነት ነው፤ የ«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ»ው ጥያቄ እኔም አይጥመኝም። የደብተሩን ግን አልቀበልም፤ ለሰንበት ትምህርት ቤቶች ከማደራጃ መምሪያቸው የወጣ ሥርዓተ ትምህርት አለ። አንዳንዱ አስተማሪ ካልተጠቀመበት ጥፋቱ የእሱ ነው።

የእማሆይ ገላነሽን ስም ሲጠሩ ደስ አለኝ። ግን አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ጉባኤው ከቤታቸው ደጅ ነበር። አባቷ አራሽ የሆነች ዓይነ ሥውርስ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልቦለድ የማንኩሳው በዛብህ ቅኔውን ይዞ የሚቀጠረው የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ነው። የፊታውራሪ ልጅ መምህር ቤቷ ድረስ ይመጣላታል፤ የጭሰኛው ልጅ ስትማር የታየችበት ገጽ የለም። (ልቦለድ ነው ይሉኛል፤ እኛ ግን ዘመዳችንን የምናይበት ልቦለድ ነው።)

ገበሬው ይኖርበታል ያሉት ውብ ነው። ሆኖም የሚኖርበትን ለልጁ መንገር ሲያቅተው ልጁ ይሄድበታል። ስለዚህ ይህን ላቅርብ፤ ጊዜ አጣን አንበል። በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ27 በመድኃኔዓለም፣ በ29 በበዓለ ወልድ ሞፈር አይነሣም። በእነዚህ ቀናት ከቅዳሴ በኋላ ከአጸዱ ጥላ ሥር ሁለት ሰዓት ይበቃናል። የሚያስተምሩት የእርስዎ ተማሪዎች ይሁኑ፤ መጽሐፍ ቤት የደረሱት። ሰበካ ጉባኤው ደግሞ በወር ይክፈላቸው፤ ልመናው ይቅርላቸው። ደብተር ከደብተር የሚገለብጥ አስተማሪ ካልወደዱ ምስክር ያለውን እርስዎ ይስጡን።

መምህሩ ሲመልሱ

የበዓሉን ቀን ተቀብያለሁ፤ ብልህ ነሽ። የአጸዱንም ጥላ። ነገር ግን የሚቀመጠው ኮርስ ሳይሆን ጉባኤ ይሁን፤ መምህሩ የአንድምታውን ወንጌል ዘርግቶ ያንብብ፣ ገበሬውም ሚስቱም ይጠይቁ፣ የምስክር ወረቀት አይኑር። ሴቶቹ ከፊት ይቀመጡ፤ ጉባኤዬ ላይ ሴት መጥታ ስትጠይቀኝ ከልክዬ አላውቅም፤ የሚያፍሩት ወንዶቹ ናቸው።

ክፍያውን ግን አልቀበልም። ልጄ፣ አንቺ ልመናውን ውርደት ታደርጊዋለሽ፤ ለእኛ የትምህርቱ ግማሽ ነው። በየደጁ ሲለምን ውሻ ነክሶት፣ እናት አቅፋው ያደገ ልጅ ነው ነገ የዚያን ቤት ሰው የሚያስተምረው። ከዚያ ደግሞ የሒሳቡ ነገር አለ። መንገዱ ሰላም ባጣበት በዚህ ዘመን ከሸዋም ከወሎም ይመጣ የነበረ ተማሪ ቀርቷል፤ ያሉት ጥቂት ናቸው። ሐዲሱን ያልጨረሰ ልጅ በወር ደመወዝ ካስቀመጣችሁት ብሉዩን ማን ይቀጽላል? ከተማው ጥሩ አስተማሪ አገኘሁ ሲል እኔ ዘንድ ጉባኤው ይፈታል። ምሩቁን ውሰዱ፤ ያልተመረቀውን ለእኔ ተዉት። ምሩቅ ካጣችሁም ወር ሙሉ ሳትጠብቁ ኑና ንገሩኝ፤ በ21 እኔው በቅሎዬን ጭኜ ፍኖተ ሰላም እመጣለሁ።